ግማሽ ሊትር

ጥቆማው እንዲህ ይላል፦ «ከቆላ ድባ በታች፣ መገጭ ወንዝ ዳር፣
አንድ ገበሬ አረቄ ያወጣል፤ ለሰው አይደለም፣ ለሞተር።»
ሄድኩ። ማኅተም በኪሴ፣ ሰም በቆርቆሮ፣
መመሪያው በብብቴ፣ እንደ ክታብ ታስሮ።

ዋኘው ይባላል። ሽንኩርቱ ገና ራስ አልቋጠረም፤
አዘዞ ማደያ ሦስት ሌሊት አድሮ ጠብታ አላገኘም።
ሚስቱ አንጓች ናት የነገሩ ባለሙያ፤
ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ታወጣው ነበር ለገበያ፣
አሁን ያንኑ መልሳ፣ ጋን ላይ ጋን ደርባ፣
አራቴ በመቃ አሳልፋ፣
ክብሪት ሲነካው እስኪወጣው ድረስ ሰማያዊ አበባ።

ስደርስ ፓምፑ እየሳለ ወንዙን ይጎትታል፤
ጭስ ማውጫው የሠርግ ማግስት ይሸታል።

«ፈቃድ?» አልኩ።
«የምን?» አለች።
«ለሚጠጣው ኤክሳይስ አለ፤ ለሚነደው...» ቅጹን ገለበጥኩ፤
ሁለት ሣጥን ብቻ፦ «መጠጥ» እና «ሌላ»። እስክሪብቶዬን ነከስኩ።
«እሱም ይጠጣል» አለች፣ ፓምፑን በአገጯ ጠቁማ፣
«ግን ሰክሮ ደጅ አላደረም፤ ሚስት አልመታም በጨለማ።»

አንቀጽ አነበብኩ፦ «ማንም እንዳይጠጣው ላምባ ይጨመርበት።»
ዋኘው ሳቀ፣ ከሆዱ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ዋጥኩት።
«ላምባውማ ቢኖረኝ፣ ጌታው፣
አረቄውን ለምን ላውጣው?»

ሰም አቀለጥኩ። ሃያ ሊትሩን አተምኩ።
ሰሙ የመንግሥት፤ ወርቁን ጀሪካን ውስጥ ቀበርኩ።
ፓምፑ ሁለቴ አነቀውና ዝም አለ፤
ቦዩ ላይ የነበረው ውሃ ሽንኩርቱ ጋ ሳይደርስ ኮበለለ።
አንጓች አላለቀሰችም። አልረገመችኝም።
«ደረሰኝ ስጠኝ» አለች። ጻፍኩላት፦ «ሃያ»። አነበበችው፤ ደግማም።

አዘዞ ሳልገባ መሸ። ሞተር ብስክሌቴ ተንተባተበ፣ ቆመ።
ታንከሩን በጡጫ ብመታው ጮኸ፤
ባዶ ጋን ነው አሉ የሚጮኸው።
ጅብ ከወዲያ ማዶ። ከኋላዬ ታስሮ ሃያ ሊትር እሳት።
ጥፍሬ ሰሙን አገኘው። ማን ያያል በዚህ ሌሊት?

አስነጠሰ፣ አጓራ፣ ተንገዳገደ፤
ከዚያ ዳገቱን እየሳቀ ጎንደር ድረስ ሄደ።

ጠዋት መዝገብ ላይ አሰፈርኩ፦
«ከሙቀቱ የተነሣ ማኅተሙ ቀልጦ፣
ግማሽ ሊትር ተነነ።»
አለቃዬ ቀና ሳይል ፈረመ፤ ነገሩ ፋይል ሆነ።

ደረሰኙ ግን አንጓች እጅ ነው፣
ምናልባት መቀነቷ ውስጥ፣ አራት ተጣጥፎ።
ሃያ ይላል።
በእኔ እጅ ተጽፎ።