ቁልፍ በጉልበት አይዞርም

ስሙ የብር ወንዝ፣ መልኩ ግን ጭቃ ነው፤
ማዶው የማይታይ፣ ባሕር የሚመስለው።
በሞንቴቪዴዮ፣ በዚህ ወንዝ ዳርቻ፣
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሮጥኩኝ ለብቻ።

ሙያዬ ቁልፍ ነው፤ ኤልቢዮ ይሉኛል፤
የተዘጋበት ሰው በሌሊት ይጠራኛል።
ጠሩኝ አንድ ሌሊት፣ ለአራተኛ ፎቅ በር፤
ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ደረጃው አይቆጠር።
ስደርስ ‹ደህና አመሹ› ማለት እንኳ አቃተኝ፤
ደረቴን ደግፌ ግድግዳው ያዘኝ።
በሯ የተዘጋባት፣ ዶኛ ኦፌልያ፣
ባለ ቀይ ነጠላ ጫማ፣ ዕድሜዋ ሰማንያ፣
እኔን አስቀምጣ ከደረጃው ጠርዝ ላይ
በጋዜጣ አራገበች፤ ‹‹ልጄ፣ አለህ ወይ?››

በማግስቱ ጫማ ገዛሁ።

ቅናሽ ነበርና አንድ ቁጥር ጠበበኝ፤
ሻጩ ‹ይሰፋል› አለ፣ ጥፍሬ ጠቆረብኝ።
በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሮጥኩኝ፤
በሁለተኛው ሳምንት እጥፉን ጨመርኩኝ፤
በሦስተኛው ሳምንት፣ ከመብራቱ ማማ ሥር፣
ቅልጥሜ ውስጥ ገባ የጋለ ምስማር።
ማቴውን እየመጠጠ ዓሣ አጥማጁ ሲያየኝ፣
አንድ እግሬን ስጎትት አውቶቡስ ወሰደኝ።

‹ዕረፍ› አሉኝ፤ አረፍኩ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤
በአራተኛው ሮጥኩኝ፣ የቀረውን ላካክሰው።
ዕዳ ይመስለኝ ነበር ያልተሮጠ መንገድ፤
ወለዱን ከፈልኩት፣ ጉልበቴ ሲናድ።

ሱልማን አገኘኋት፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ።
ጉልበቴን ትታ ጫማዬን ገልብጣ ስታይ፣
‹‹ሥራህ ምንድን ነው?›› አለች።
‹‹ቁልፍ ሠሪ ነኝ›› አልኳት።
‹‹የዛገ ቁልፍ አልዞር ሲልህ፣ በጉልበት ታዞራለህ?››
‹‹በጭራሽ! ይሰበራላ! ግማሹ ውስጥ ይቀራል፣
ከዚያማ በሩ ራሱ…››
አፌን ዘጋሁ።
ሱልማ ሳቀች፤ ምንም አልጨመረችም።
ለካ ጉልበቴን በጉልበት ስከፍት ነው የከረምኩት።

አንድ ደቂቃ መሮጥ፣ ሁለቱን መራመድ፤
በጎልማሳ እግር እንደ አዲስ ዳዴ መልመድ።
ጠዋት ሱቄ ፊት ለፊት፣ ከደረጃው ጫፍ ላይ፣
ተረከዝ ዝቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ተረከዝ ወደ ላይ፤
ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ እቆጥራለሁ።
ጋሪ የምትገፋ እናት ሮጣ አለፈችኝ፤
ሕፃኑ ከጋሪው ዞሮ ተመለከተኝ።

ሚልቶን አብሮኝ ሮጠ፣ ጡረተኛ ሾፌር፤
ስለ እግር ኳስ ከጀመረ የማያቆም ነገር።
ሱልማ ‹መልስለት› አለች፣ ‹በሙሉ ዐረፍተ ነገር፤
ዐረፍተ ነገርህ ከተቆረጠ፣
አንተም ፍጥነትህን ቁረጥ።›
ሐምሌ ላይ ፓምፔሮ የሚሉት ነፋስ ሲመጣ
ጆሯችን እየቀላ፣
ስለ አንድ የተሻረ ጎል አምስት ኪሎ ሜትር ተከራከርን።

ጥቅምት ላይ ውድድር፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር።
በሰባተኛው ላይ ባቴ ጠቅ አደረገኝ፤
ከበር ወዲያ እንዳለ ሰው ቀስ ብሎ አንኳኳብኝ።
የድሮው ኤልቢዮ ቢሆን፣ ‹ሦስት ናት የቀረችው!›
ብሎ ጥርሱን ነክሶ፣ ጅማቱን በበጠሰው።
እኔ ግን ሲንኳኳ መስማት ነው ሙያዬ፤
ቆምኩኝ። ተራመድኩኝ፣ ቁጥሬን አንጠልጥዬ።
ሚልቶን እያወራ አለፈኝ። ለማን እንደሆነ እንጃ።
ስደርስ አጥሩን እየነቀሉ ነበር፤
አንዲት ልጅ የተረፈውን ሙዝ ሰጠችኝ።
የፊተኛው ሕመም ስድስት ወር በላኝ፤
ይኸኛው ስድስት ቀን።

ትናንት ሌሊት ደግሞ ዶኛ ኦፌልያ ደወለች።
ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራቱን ፎቅ ወጣሁ፣
ዕቃዬን አስቀምጬ ባርኔጣዬን አነሣሁ፤
‹‹ደህና አመሹ፣ ዶኛ ኦፌልያ፤ ይቺ በር መቼም ከእርስዎ ጋር ተጣልታለች መሰለኝ።››
ሙሉ ዐረፍተ ነገር።
ጋዜጣዋን አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘች።

የበሩ ሆድ ዝጓል፤ መክፈቻዬ አልዞር አለ።
ሁለት ጠብታ ዘይት አንጠባጠብኩና
ከደረጃው ላይ፣ አጠገቧ፣
ተቀምጬ ጠበቅኩ።