የኪራይ ዝናብ

እጄ ዛሬም ቀይ ነው።
ቀይ ሥር፣ ሽሮፕ፣ ቀለም በጥፍሬ ሥር ገብቶ፣
ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ሰው ይሸሻል አይቶ።
የረዳቱም ዓይን ብሬ ላይ ፈጦ ቀረ፤
«የሰው ደም አይደለም» ስለው፣ ይባስ ተጠራጠረ።

እናቴ ለጠየቃት «ቁስል ነው የልጄ ሥራ»
ትላለች አሳጥራ።
ነርስ መስያቸው ስንቴ በሌሊት ተጠራሁ፤
እውነተኛ ቁስል ፊት ቆሜ እንደ ልጅ ፈራሁ።
የእኔ ቁስል ሌላ ነው፤ ከሶፍትና ከሙጫ፣
ተዋናዩ ለምሳ ሲወጣ
ግንባሩ ላይ ተሰንጥቆ አብሮት ሽሮ የሚበላ፣
ማታ በዘይት ሲታሽ ተልጦ የሚጣል ገላ።

አርባ ሰው ገድዬ ዘንድሮ፣ አርባውንም አስነስቼ፣
ማታ ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ እጠብቃለሁ፣
የጎማ ጆሮ በፌስታል
ከዳቦ ጋር ከትቼ።

ያን ለት የታዘዝሁት ግን ደም አይደለም፣ ዝናብ ነው፤
በኅዳር፣ በጠራ ሌሊት፣ ደመና በሌለበት፤
ዳይሬክተሩ እንዳለው፣ «ሴትዮዋ ስትለየው
መዝነብ አለበት።»

ምንተስኖት ከገላን ቦቴ ተከራይቶ መጣ፤
አሥር ሺህ ሊትር ሙሉ፣ ለሲሚንቶ እንጂ የማይጠጣ።
ኮዬ ፈጬ ነው ቦታው፤ ከእኛው ብሎክ ጣሪያ በላይ
ቱቦ በሽቦ አሰርን፤ በጋለ ሚስማር በሳሳነው፣
ጠብታው እንዳይከብድ፣ እንዳይሳሳም ስናየው፤
ከኋላም መብራት ተከልን፤ ዝናብ ያለዚያ አይታይ።
ለግፊቱ መለኪያ የለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምሁና
በልጅነቴ የሰማሁትን፣ ሐምሌ ቆርቆሮ ሲመታ፣
አስታወስሁ፤ ቫልቩን ፈታሁ፣ ግማሽ ዙር፣ በዝግታ ገና።

ሰፈሩ ውሃ ካየ ግን አሥራ ሰባት ቀን አልፎታል።
የእኔም ቧንቧ ያፏጫል፣ የእኔም ባልዲ ደርቆ ተደፍቷል፤
አውቃለሁ። ሥራ ላይ ግን ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።

«አክሽን!» አለ። ትርሐስ ዞረች፤ ልዑልሰገድ እንደ ቆመ
ሐምሌ በኅዳር ዘነመ።

አንድ መስኮት በራ።
ሦስት።
ከዚያ ፎቁ ሁሉ።
ደረጃው በነጠላ ጫማ፣ በፕላስቲክ ድምፅ ተናጠ፤
ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ የሕፃን መታጠቢያ፣
ክዳኑ የጠፋ ድስት ሳይቀር ወደ ታች ሮጠ።
እትዬ ዘርፌሽዋል በሌሊት ልብስ፣ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣
በሁለቱ ፍቅረኞች መሐል
ሳፋቸውን አኖሩ ጎንበስ ብለው።

«አይጠጣም!» ብዬ ጮህሁ። «ለልብስ ይሆናል፣ ልጄ»
አሉኝ ቀና ሳይሉ።
«ከት! ዝጊው!» ይላል ዳይሬክተሩ፤
ቫልቩ ላይ ነው እጄ።

አልሰማሁም አልሁ ኋላ፤ ውሃው ጆሮዬን ደፈነው።
ውሸቴን ነው።
ሰምቼ፣ አንድ ዙር ጨመርሁ።

ልዑልሰገድ፣ ልቡ ተሰብሮ የነበረው፣
የአንዲት ነፍሰ ጡር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ አደረሰ፤
ግንባሩ ላይ ያበጀሁት ቁስል በውሃ ራሰና ፈሰሰ፤
«ውይ ደምህ!» ብላ ደንግጣ
በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው።

የቦቴው ኪራይ ከደመወዜ ተቆረጠ።
ዝናቡንም አንድ ልጅ፣ ቦሌ ቢሮ ተቀምጦ፣
በኮምፒውተር ሠራው አሉ፤
ጫማ የማያርስ፣ ከአልጋ ማንንም የማያስነሳ፣
ድምፁ ሳይቀር የተገዛ።

ለፋሲካ ታየ በቴሌቪዥን። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣
ልጆቹ ወለሉ ላይ፣ አዋቂው ሶፋውን ከብቦ።
ትርሐስ ዞረች። ዘነበ። ሙዚቃው አለቀሰ።
ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ፤
ስሜም ሳይነበብ ሮጦ አለፈ በስክሪኑ ዳር።
እትዬ ዘርፌሽዋል ግን ትክ ብለው አይተው፣ አይተው፣
«ይኼ የኛ አይደለም» አሉ።
«የኛው ይወፍር ነበር።»