የቀድሞዋ ስም

ሳልሚያ፣ ከሌሊቱ ሰባት። የባባ ጃሲም ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ
ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ ተንጋሏል፣ የሃያ ዓመት አቧራ ጠጥቶ።
አዲሱን ፕሮሰሰር ሰካሁ፤ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ዝም።
አንድ እግሩ ጎብጦ ኖሯል፤ በመርፌ አቃናሁት። አሁንም ዝም።

ጃምፐሩን አየሁት፦ አምስት ቮልት፣ ለድሮው የተቆረጠ ቀለብ።
ይህኛው በሦስት ምናምን አዳሪ ነው፤
የሚፈጀው ጥጋብ እንጂ አይደለም ረሃብ።
በቅንድብ መንቀያ አዛወርኩለት።

ጢጥ። በራ። ሜሞሪውን ቆጠረ፤
ከላይ ግን የተነቀለውን ፕሮሰሰር ስም አሰፈረ።
ቦርዱ ሌላ ስም አልተማረ።

ሳቄ መጣ።
«ሮዝሊን!» አለች ማዳም ከታች።
ሮዝሊን ማኒላ ከገባች ሁለት ዓመት አለፋት፤
እኔ ዘቢደር ነኝ።
«ነዓም» ለማለት
ብሎኑን ከጥርሴ መሃል አወጣሁ።