ቃለ ጉባኤ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ተናጋሪው ሌላ።
ከዚራ ላይ፣ ከዛፎቹ ጥላ፣
ከባቡሩ ዘመን በተረፈ ቢሮ፣
ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀትን በሙቀት ቀይሮ።

ሰብሳቢያችን አቶ ወንድይፍራው ነው።
ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።
ጉቦ አይነካም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ላብ፣
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። የሰው ረኃብ
አይቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ።
ሌባ ቢሆን ኖሮ፣ እላለሁ፣
እንከሰው ነበር። ለጽድቁ ግን ክስ ከየት አመጣለሁ?

አጀንዳ አንድ፦ የደቻቱ ግንብ።
ኢንጂነር ሆዳን ካርታዋን ዘረጋች፤ ነጠብጣብ፣ መስመር፣ ክብ።
«ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤
ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት፣ ግመል የሚያቋርጠው።
ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ግን፣ እዚህ ኮከብ እየታየ፣
በሌሊት ይደርሳል። ደመናውን ማን አየ?»

ሰብሳቢው ካርታውን አጠፈው፣ በቀስታ፣ እንደ ቅዱስ ልብስ።
«ሦስት ሌሊት ታየኝ» አለ፤ ድምፁ ለስለስ።
«ነጭ የለበሰ ሰው አሸዋው ላይ በትሩን ተከለ፤
‹አትፍሩ፣ ይህን ወንዝ አስሬዋለሁ› አለ።
የግንቡ ገንዘብ ለምስጋና ይዋል፤
አዳራሽ እንሥራበት። ከድንጋይ እምነት ይጸናል።»

ዝም አልን። ሕልም እንዴት ይከራከሩታል?
በጀት ቢሆን ይደመራል፣ ይቀነሳል።
ሕልም ደረሰኝ የለው፣ ማኅተም የለው፤
እግዜር ያለውን ማነው «እንደገና ይታይ» የሚለው?
የፋይናንሱ ሹም፣ በትሩ ሳይተከል፣ እጁን አወጣ።
ሆዳን እርሳስ ቀረጸች፣ ቀረጸች፣ ከአፏ ቃል አልወጣ።
እኔም ጻፍኩ፦ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»
ዝምታዋን ከድጋፍ ቆጠርኩት። ማን ጠየቀ?

ከዚያ ወደ መጋላ ወሰደኝ፣ ሼህ ኑሬ ዘንድ፣
የመስጊዱም ሰው እንዲሰማ፣ ቡራኬው እንዲሆን አንድ።
ሼሁ ጡረተኛ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሐዲድ ሲያጠብቁ የኖሩ፣
ጣቶቻቸው የብሎን ቅርጽ ይዘው የቀሩ።
እስከ ዳር ሰሙት። ከዚያ ጀመሩ፦
«እኔም ሕልም አያለሁ፣ ልጄ፤ በሕልሜ የሚጾመው የኔው ሆድ ነው፤
የጎረቤቴን ግድግዳ በትራሴ ብለካ ነውር ነው።
አላህ ላንተ በሌሊት ከነገረህ፣
ለዚያች ልጅ በቁጥር ነግሯት እንዳይሆን፤ ማን አረጋገጠልህ?
ወንበር ላይ የተቀመጠ የሚያየው ሕልም
ከወንበሩ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።
ሕልምህ ‹ውረድ› ያለህ ለታ፣
ያን ጊዜ ና፤ ቁጭ ብለን እንፍታ።»

ትከሻቸውን ስሞ ወጣ። ባጃጁ ውስጥ ዝም ብሎ ተጉዞ፣
«ጻፍ» አለኝ፤ «ሼሁም ባርከዋል።»
ጻፍኩ፤ ጣቴ ታዝዞ።

ጎርፉ ያን ክረምት አልመጣም።
በከርሞውም አልመጣም።
አዳራሹ ቆመ፤ ሰው ሞላው፤ «አያችሁ!» ተባለ፤
ወንድይፍራው ከፍ ወዳለ
ወንበር ተሻገረ። ሼሁ ሞቱ፤
አህያቸው ግን አንድም ሌሊት አሸዋው ላይ አላደረች፣ እስከ ዕለቱ።

ሆዳን አንድ ማለዳ፣ ከራሷ ኪስ በገዛችው ቀለም፣
በአዳራሹ ግድግዳ መስመር አሰመረች፤ ቃል አልጻፈችም።
ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ፣ በአዋቂ ደረት ልክ።
ማንም አልፋቀው። ለአላፊው ጌጥ ነው፤ ለኔ የውኃ መልክ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሳቢያን ነው ቤቴ።
ሰማዩ ጥርት ሲል ነው የሚነሣብኝ ጭንቀቴ፤
ወደ ደንገጎ አያለሁ፣ ጆሮዬን ጥዬ።
መዝገቡ ዛሬም «በሙሉ ድምፅ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ፣ ልጆች በመስመሩ ቁመት ይለካካሉ፣
«ተረከዝህን አንሥተሃል፣ አጭበርብረሃል» እየተባባሉ።
አንዷ፣ ጀርባዋን ለጥፋ፣ መዳፏን ከራሷ ላይ አድርጋ፣
«አባባ፣ ይኸው! ዘንድሮ በለጥኩት!» አለች፣ ምስክር ፈልጋ።

ብዕር አልያዝኩም ነበር።