ፌንጣ

ሂርማታ ገበያ፣ ከዙበይር ደጃፍ፣
ቁመቴን አጣጥፌ ልቀመጥ ስለፋ፣
ጉልበቴ ሽቅብ ወጥቶ መሪውን ገፋ።
«ፌንጣ!» አለ አንዱ ባለ ባጃጅ፤
መንገዱ ሁሉ ሳቀ።

ዙበይር ብቻ ሜትር አወጣ፤
እንደ ልብስ ሰፊ ከወገብ እስከ ተረከዝ ለካኝ፦
«ወንበሯን በስፖንጅ አራት ጣት እናንሳት።
ትልቁን አትመኝ፣ ለማጅ ነህ ገና፤
ሳትነዳው በፊት እሱ ይነዳሃል።»

ይኸው ክረምት ገባ።
ከጅሬን ቁልቁለት በጠዋት ስወርድ፣
አዌቱ ድልድይ ጋ፣ ጭቃው አንሸራቶን፣
ፍሬን ብይዝ ብይዝ እምቢ አለች ሞተሬ።
እኔ ግን አልወደቅሁ፤
ሁለት እግሬን ተክዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣
እሷ በመሃሌ
እንደ ፍየል ግልገል ሾልካ አመለጠች።

ያ ባለ ባጃጅ ቆሞ አየኝ፣
ሳቁ አፉ ላይ ቀርቶ።
«ፌንጣ» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«በስንት ገዛሃት?»