አመልካች

ደብረ ብርሃን ጧት ነው፤ አመዳይ ወርዷል፣
የፍርድ ቤቱ አጥር ነጭ ሽበት አብቅሏል።
እኔም በሩ አጠገብ፣ ጣቴን በትንፋሼ
አሙቄ ጠበቅሁ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ካርቦን አጉርሼ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ የስንቱን ሰው እንባ
ባንድ ማጥለያ አጥልዬ ችሎት ሳስገባ፣
የማውቀው ቃል ያው ነው፦ «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣
«ታማኝ አቤት ባይ ነኝ፣ ዘወትር አክባሪ።»

እመት ሙላቷ መጣች ከመንዝ ገራ ምድር፣
ዋርሳዋ ገፍቶባት የእርሻዋን ድንበር።
ስትነግረኝ ጻፍሁላት፤ ጣቴ ለምዶት የለ፣
ቃሏ ሳያልቅ እሱ መስመር ሞልቶ ዘለለ።
«ላንብብልሽ?» አልኋት፤ ራሷን ነቀነቀች።
እስከ ፊርማው ድረስ አድምጣ ዝም አለች።
ከዚያ፦
«ይችን አመልካችን አላውቃትም» አለች።
«ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔማ እንዲህ አልልም።
‹አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን› የሚል ሰው እኛ ቤት አልተወለደም።
ድንጋዩን ያነሣሁ፣ ካቡን የካብሁ እኔ፣
ሁለት በጋ ሙሉ፣ ልጅ አስተኝቼ ከጎኔ።
ዳኛው ቢጠይቁኝ ድንበሩ የት እንደሆን፣
ጀርባዬ ያውቀዋል። ጻፈው፣ እንዲሁ ይሁን።»

«ዳኛው ይስቃል» አልኋት።
«ይሳቅ! ስቆ ሲያበቃ ይስማኝ።
በማላውቀው ቃል ከምረታ፣ በቃሌ ይርታኝ።»

ወረቀቱን ሳብሁት። ቀደድሁት። ሌላ አጎረስሁ።
አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ከኔ ሳልጨምር ጻፍሁ።
ስንጨርስ አመዳዩ ቀልጦ ካጥሩ ይንጠባጠባል፤
ዳኛው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ቀጠሮ ነው ይባላል።

ማታ፣ ከበሬሳ ማዶ ካለች የኪራይ ቤቴ፣
ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ አለኝ፣ ወዳጅ የላጤነቴ።
አንኮበር ገና መናገሻ ሳለች፣ ባሕር ማዶ የኖረ
አንድ ሰው ነው የጻፈው፤ ራስን ስለማመን የመከረ።
በቀይ እርሳስ ከዳር ዳር አሥምሬበታለሁ፤
የሰው ቃል አትዋስ የሚለውን፣ ቃል በቃል ሸምድጃለሁ።

ዛሬ አልገለጥሁትም።
ለራሴ፣ መጀመሪያ ጊዜ፣ ወረቀት አጎረስሁ።
«እኔ» ብዬ ጻፍሁ።
ከዚያ ወዲያ የሚመሰክርልኝ ጀርባ አጣሁ፤ ቆምሁ።

ደግሞ ጣቴን አሞቅሁ።