የጆሮዬ ድርሻ

እኔ ድምፅ ቀጂ ነኝ፤ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ
ፀጉራም ማይክ አንጠልጥዬ፣ ከሰው አናት በላይ
ሃያ ዓመት የቆምሁ።
ባለካሜራው ፊት ፊቱን ሲያሳድድ
እኔ ትንፋሽ ለቀምሁ።

በባሮው ከተማ፣ መርከብ በሚበየድበት፣
ዝናብ ከባሕር ተነሥቶ በጎን በሚመታበት፣
የጋሬት ትሬልፎልን እናት ቤት
አንኳኳን በጠዋት።
ልጁ በያጅ ነበር፤ ቀን ብረት ለብረት ሲድር የዋለ፣
ማታ ከአሸዋ ከረጢት ጋር የታገለ፤
ቅዳሜ ማንቸስተር ላይ
ለዓለም ቀበቶ ይገጥማል ተባለ።
የኛ ሥራ እስከዚያ ድረስ ሰው ማስራብ ነው፤
ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ሽታውን መልቀቅ ነው።

«ይቅርታ፣ ወይዘሮ ሞሪን» አለች አዘጋጇ ፊሊፓ፣
«ሳህኗን አንዴ ይድገሙልን፤ ቀስ ብለው ይጠቡ፤
በመስኮቱ ወደ ውጭ አይተው፣ ልጅዎን ያስቡ።»
ወይዘሮ ሞሪን የነጣ ሳህን አራት ጊዜ አጠቡ።
አምስተኛው ላይ ባትሪ አለቀ፤
ካሜራው ዓይኑን ጨፈነ።
የኔ ማይክ ግን አላወቀ፤
እንደ ሰማ፣ እንደ ታመነ።
ቧንቧው ይፈሳል፤ እጃቸው ቆሟል።
ለሳሙናው አረፋ የተነገረ ቃል ከአፋቸው ወጣ፦
«ይሸነፍ፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ በእግሩ ይምጣ።»

ያ ቃል በፕሮግራሙ የለም።
ሳህኗ ግን አለች፤ በዝግታ፣ በፒያኖ ታጅባ።

ከሜክሲካሊ የኤቫሪስቶ ባርሴናስ ምስል መጣ፤
አባቱ የአይስክሬም ጋሪ ቀለም ሲቀባ፣
እሱ አቧራ ለአቧራ ሲሮጥ።
ሂቴሽ የሚሉት ቆራጭ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣
ሁለቱን ሰዎች ሳይተዋወቁ አናክሶ አሳደረ።
ኤቫሪስቶ «እጥለዋለሁ» ሲል
ጋሬት አንገቱን ያዞራል፤
የሰማ ይመስላል።
(እውነቱን ልንገራችሁ? ጋሬት የዞረው ውሻ ጮኾ ነው፤
ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከውቅያኖስ ወዲህ ማዶ ነው።)

ቡጢውስ? እርጥብ ፎጣ ነው፤ የቆዳ ሶፋ ላይ የመታሁት።
የጎድን አጥንቱ? ጥቅል ጎመን፤ በጉልበቴ የሰበርሁት።
ያ ጎርናና ተራኪ፣ «ከሁለት አንዱ ይወድቃል» የሚለው፣
ቁምሣጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጉንፋን ይዞት ነው።

ሐሙስ ማታ ተላለፈ።
ዓርብ ማለዳ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን አንሥቶ፣
የሰው አገጭ በአረፋ ትቶ፣
ስለ ግራ እጅ ሰበከ።
ቦክስ አይቶ የማያውቅ የአውቶቡስ ሹፌር
ከፖስተኛው ጋር በአሥር ፓውንድ ተወራረደ።
ትምህርት ቤት በር ላይ ሁለት ሕፃናት፣
አንዱ «ጋሬት ነኝ»፣ አንዱ «ኤቫሪስቶ»፣
አየሩን በቡጢ ሲደበድቡ ቆሜ ሰማሁ፤
በአፋቸው «ድው!» ይላሉ፣
የኔን ፎጣ ድምፅ።

እኔም፣ ተንኮሉን የማውቀው፣ ጎመኑን የሰበርሁት፣
ቅዳሜ ሲመሽ መዳፌን አላበኝ፤ እራቴን አልበላሁት።
አዳራሹ ጨለመ። ሃያ ሺህ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።
እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ አልቀዳሁም።

ስለ ግጥሚያውማ ምን ልበል?
አሥራ ሁለት ዙር፣ እንደ ሰከሩ ሚዜዎች ተደጋግፈው፣
ዳኛው ሲያላቅቃቸው፣ እነሱ ሲጣበቁ አለቀ።
ቀበቶው ባሕር ተሻገረ።
«የሐሙሱ ፕሮግራም ይሻል ነበር» አለ አንዱ፣ ወንበሩን እየገፋ፤
ጓደኛው ሳቀ።

እኔ በጓሮ በር በኩል ሽቦዬን ስጠቀልል፣
ማዳመጫዬን ሳላወልቅ፣ ማይኩን ሳልዘጋ፣
በሲሚንቶው ኮሪደር አንድ ድምፅ መጣ፤
ከበሮ የሌለው፣
ማንም «አንዴ ይደገም» ያላለው፦
የግራ ጫማ፤ የቀኝ ጫማ፤
ቀኙ ትንሽ ጎተት ያለ፣
ደግሞ ግራው።

ቀዳሁት።